ግድግዳው ላይ ያሉት ሙሽሮች

ለፊልም ቀረጻ ቤት የሚያሰናዳው ሬድዋን ሳሎኑ መሃል ቆሞ ግድግዳውን ሲያጠና ቆየና፣ «ጋሽ ጋሮማ፣ እናንተን ማውረድ ሊኖርብን ነው» አለ።

ጋሮማ ወዲያው አልገባውም። ሬድዋን በአገጩ ወደ ሶፋው አናት ሲያመለክት ነው የተረዳው። የሰርጋቸውን ፎቶ ነበር የሚለው፤ ሚስቱ ማዕዶት በቬሎ፣ እሱ ትከሻው በሰፋ የኪራይ ሱፍ፣ ሁለቱም ፎቶ አንሺው በተናገረው ቀልድ እየሳቁ።

«በምትካችሁ የኛ ባልና ሚስት ይሰቀላሉ» አለ ሬድዋን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሌላ ትልቅ ፎቶ እየፈታ። «ተዋንያኑን የሙሽራ ልብስ አልብሰን ነው ያነሳናቸው። የሚያስቀው፣ የዚያን ቀን ተኳርፈው ነበር። እስቲ እየው፣ ያስታውቃል?»

አያስታውቅም ነበር።

ፊልሙ እነጋሮማ እንደሚኖሩበት እንደ አያት ባለ ሰፈር ስለሚኖሩ ባልና ሚስቶች ነው። ቤት ሰርተው፣ መኪና ገዝተው፣ በሩን ዘግተው ሲገቡ የሚነጋገሩት ያጡ ሰዎች ታሪክ። ዳይሬክተሩ ቤቱን ሊያይ የመጣ ቀን በየክፍሉ ዞሮ ሲያበቃ፣ «የምፈልገው ቤት ይሄ ነው» ብሎ ነበር። ምን አይቶ እንዳለ ጋሮማ አልጠየቀውም። ማዕዶት ግን ኩሽናው በር ላይ ቆማ ስትሰማ ነበርና፣ «ቤታችን ፊልም ይመስላል ማለት ነው?» አለች። ቤቱ ለሳምንት እንዲከራይ ስትስማማም አላንገራገረችም። ሰው ቢገባበት አይከፋም ብላ ይሆናል።

ትዳራቸውን ያበላሸው ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረም። ጋሮማ አይሰክርም፣ ሌላ ሴት ጋ አይሄድም። ማዕዶትም ቤቷን የምታከብር ሴት ናት። እሱ ኢንሹራንስ ውስጥ የተጋጩ መኪኖችን ጉዳት ይገምታል፤ እሷ መገናኛ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ፋርማሲስት ናት። ድሮ እራት ላይ የዋሉበትን ያወሩ ነበር። ከዚያ አንዳቸው ስልክ መነካካት ጀመሩ፣ ሌላውም ብቻውን ላለመቀመጥ ስልኩን አነሳ። ማን ቀደመ ቢባሉ፣ ሁለቱም የየራሳቸው መልስ አላቸው። ቀስ እያለ ማዕዶት ስሙንም መጥራት ተወች። «ጋሬ» የነበረው «ጋሮማ» ሆነ፤ «ጋሮማ»ም ቀርቶ «ስማ» ሆነ።

«ቆይ፣ እናንተ እንዳትሰብሩብኝ እኔ ራሴ ላስቀምጠው» አለ ጋሮማ። ፎቶውን አወረደና በብርድ ልብስ ጠቀለለው። ቤቱ በገመድና በመብራት ስለተሞላ ወስዶ መኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስተኛው። ማታ አወጣዋለሁ ብሎ ነበር።

ቀትር ላይ ከመስሪያ ቤት ተደወለለት። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬን እምቢ ያለው አንድ የጭነት መኪና መንገድ ዳር ተገልብጧል። ጋሮማ በባሕር ዛፉ መሃል ያንን ጠመዝማዛ ሲወጣና ሲወርድ፣ ከኋላው አንድ ነገር ሲንኳኳ ሰምቷል። ቆሞ አላየም። ቤቱ በር ላይ ደርሶ ብርድ ልብሱን ሲገልጥ፣ የጎማ መቀየሪያው ክሪክ ከቦታው ወጥቶ ፎቶው ላይ ወድቋል። መስታወቱ ረግፏል። ስባሪው የማዕዶትን ቬሎ ከትከሻዋ ጀምሮ አበባ እስከያዘው እጇ ድረስ ጭሮታል።

ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ጋሮማ የሚለውን ያውቃል። በስራው ሁልጊዜ የሚደጋግማት ነገር አለችው፤ «ትራፊክ ሳይደርስ መኪናውን ያነሳ ሰው ጥፋቱንም አብሮ አንስቷል» ይላል። ተጋጭተው፣ መኪናቸውን ጥግ አስይዘው፣ ወሬያቸውን አስተካክለው የሚጠብቁትን ሰዎች ገና ከሩቅ ነው የሚለያቸው። ይህን እያወቀ ፎቶውን በብርድ ልብሱ መልሶ ሸፈነው። ሾላ ገበያ አጠገብ ፍሬም የሚሰራ ሰው ያውቃል። ነገ ያሰራዋል፤ ማዕዶት ሳታውቅ ቦታው ይመለሳል።

በማግስቱ ስራ በዛ። በሌላው ቀን ሾላ ድረስ ሄዶ መኪና ማቆሚያ አጣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንቱ አለቀና ፊልም ሰሪዎቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ሊወጡ ሆነ።

«ፎቷችንን እዚሁ ብንተዋት ቅር ይልሃል?» አለ ሬድዋን። «ድጋሚ ቀረጻ ሳይኖር አይቀርም። ዳይሬክተሩ መጨረሻው አልጣመውም።»

«መጨረሻው ምንድን ነው?»

«ሴትየዋ ትሄዳለች።»

«ተዋት» አለ ጋሮማ። ፎቶዋን ማለቱ ነበር።

ማዕዶት ከስራ ስትመለስ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። አናቱ ላይ የማያውቋቸው ሁለት ሰዎች ይስቃሉ። የኛ የት ሄደ ብላ ትጠይቃለች፣ ያኔ እነግራታለሁ ብሎ ቃሉን ሁሉ አሰናድቷል። ማዕዶት ገባች። በሩ ላይ ትንሽ ቆም አለች።

«ቤቱን በደንብ አጽድተውታል» አለችና ወደ ኩሽና አለፈች።

በማግስቱም አልጠየቀችም። ከዚያም ወዲያ። እስከዚያ የጋሮማን ልብ ይከብደው የነበረው የሰበረው ነገር ነው። አሁን ግን፣ እንዴት ሰው የገዛ ሰርጉን አያይም? ይል ጀመር። እኔን ብቻ ነው ማየት የተወችው ስል፣ ለካ ሁሉንም ነው። ያልተናገሩት ጥፋት እንደ አደረ ወጥ ነው፤ ሲውል ሲያድር ይኮመጥጣል። በደለኛ ሆኖ ከመቀመጥ ተበዳይ ሆኖ መቀመጥ ቀለለው። መጀመሪያ እንድታይ ይመኝ ነበር፤ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ እንዳታይ መመኘት ጀመረ። እራት ላይ አንገቷን ቀና ባደረገች ቁጥር ልቡ ይደነግጣል፤ መልሳ ስታቀረቅር ደግሞ፣ ይኸው፣ ይላል በሆዱ።

አንድ ዓርብ ማዕዶት ሳህን እያነሳች፣ «ስማ፣ ጋሼ ተክለብርሃንን ጥራልኝ» አለችው።

«ምን ሆነው?»

«ሽማግሌ ሆነው የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው። ከዚህ ቤት ስወጣም ይወቁ። ተደብቄ አልሄድም።»

እንዳትሄድ የሚላት ቃል ጋሮማ አፉ ውስጥ ነበረ። ነገር ግን ያ ቃል ከመኪናው ኋላ ያለውን ጥቅል አብሮ ጎትቶ የሚያወጣ መሰለውና ዋጠው።

አቶ ተክለብርሃን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ጋሮማን አስተምረውታል፤ አባቱ በሕይወት ስላልነበሩም ለሰርጉ በአባት ቦታ የቆሙት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ መነጽራቸውን ግን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው መዞር እንጂ ማድረግ አይወዱም። በማዕዶት በኩል ያሳደጓት አክስቷ ወይዘሮ ወርቅአየሁ ከሾላ መጡ። አራቱም ሳሎን ተቀመጡ። ባልና ሚስቱ ከፎቶው ስር፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት።

«እንግዲህ እኔ ብዙ አልናገርም» አሉ አቶ ተክለብርሃን። እንዲህ ካሉ ብዙ ሊናገሩ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። «መጀመሪያ ዞር በሉና ያንን ፎቶ እዩት።» በከዘራቸው ወደ ግድግዳው ጠቆሙ።

ማንም አልዞረም።

«እዩት እንጂ። ማዕዶት፣ ያንን ሳቅሽን እይው። ያን ቀን የታየው ጥርስ አሁን የት ገባ? አንተስ ብትሆን፣ እጇን እንዴት አጥብቀህ እንደያዝካት አታይም? ማን አስገደደህ? ወደህ ነው። ጠጉርህም ሙሉ ነበር።»

ወይዘሮ ወርቅአየሁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ። ጋሮማ የሚያለቅሱ መስሎት ነበር፤ ልብ ብሎ ሲያያቸው ሳቅ አፍኗቸዋል።

«እኔ እዚያ ፎቶ ላይ ያሉትን ሁለት ልጆች በዚህ እጄ ነው የመረቅኋቸው...»

«ጋሼ» አለ ጋሮማ፣ «እነሱ እኛ አይደለንም።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ተለውጣችኋል።»

«አይ፣ ሰዎቹ ሌላ ናቸው ማለቴ ነው። የፊልም ተዋንያን ናቸው።»

አቶ ተክለብርሃን መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ተነስተው ግድግዳው ድረስ ሄዱ፣ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግተው አዩ።

«ታዲያ የማንን ሰርግ ነው ሳሞግስ የቆየሁት?» አሉ።

ወይዘሮ ወርቅአየሁ ሳቁ አመለጣቸው። ማዕዶትም ከንፈሯን ነከሰች። ጋሮማ እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ፣ ወይም ደግሞ እውነቱን ቢናገር ኖሮ፣ ያ ሳቅ ለሁላቸውም መግቢያ በር ይሆን ነበር። እሱ ግን ብዙ ቀን ሲያብላላው የከረመው ነገር አፉ ላይ ደረሰ።

«ይኸውልዎት፣ ችግራችን ይሄ ነው» አለ። «ይህ ፎቶ እዚህ ከተሰቀለ ሳምንታት አልፈዋል። ማዕዶት አንድ ቀን የኛ የት ገባ ብላ አልጠየቀችም። አላየችውማ። የገዛ ሰርጓን ያላየች ሴት እኔን እንዴት ታየኛለች?»

ድምፁ የተበዳይ ድምፅ ነበር። ራሱም ሲሰማው አመነው።

ማዕዶት ጭኗ ላይ ያለውን እጇን አየችና፣ «የመጀመሪያው ቀን ነው ያየሁት» አለች። «ገና በሩ ላይ እያለሁ። አንተ እዚህ ተቀምጠህ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። ሊነግረኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«እኔ እኮ...»

«ቆይ፣ ልጨርስ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ መኪናህን ይዤ ሾላ ሄድኩ። ሽንኩርቱን ላስገባ ኋላውን ስከፍት ብርድ ልብሳችንን አየሁት። ፈታሁት። መቼም ሰው ይሰብራል፤ እኔም እሰብራለሁ። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ ነበር። እኔም ዝም አልኩ፤ ልፈትነው ብዬ ነው፤ የኔም ጥሩ አይደለም። ግን እኔ ዝም አልኩ እንጂ አንተን አልከሰስኩበትም።»

አቶ ተክለብርሃን ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። «ጋሮማ፣ ሰብረኸው ነው?»

«ክሪኩ ወድቆበት ነው።»

እንዲህ ያሉት ሰዎች ብዛት ትዝ አለው። ፍሬኑ እምቢ ብሎ ነው፣ መንገዱ አንሸራትቶ ነው። ሁልጊዜ ያጠፋው ዕቃ ነው፤ ሰው እጁ የለበትም።

«በል አምጣው» አሉ ሽማግሌው።

ወጥቶ መኪናውን ከፈተ። ጥቅሉ እንዳስቀመጠው ተኝቷል። ካስቀመጠው ጀምሮ ዕቃ ሲያወጣና ሲያስገባ በእጁ ገፋ እያደረገው ነበር እንጂ አንድ ቀን ገልጦት አያውቅም። ታቅፎት ገባና ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ ፈታው። መጀመሪያ አንዱን ጫፍ፣ ከዚያ ሌላውን። ፍሬሙ አለ። ጥግ ጥጉ ላይ ጥቂት የመስታወት ስባሪ አለ። መሃሉ ላይ የሚታየው ብርድ ልብሱ ነው።

ጋሮማ ተንበርክኮ እንዳለ ቀረ። እጁን ባዶው ላይ አሳለፈ፤ ለምን እንደሆነ አያውቅም።

«ያን ቅዳሜ ነው ያወጣሁት» አለች ማዕዶት። «እቴቴ ጋ ነው።»

«ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው፣ አንሶላ መሃል» አሉ ወይዘሮ ወርቅአየሁ። አሁን አይስቁም።

አቶ ተክለብርሃን ነገር ሲወሳሰብባቸው እንደ ሒሳብ ጮክ ብለው መስራት ልማዳቸው ነው። «ቆይ፣ ይግባኝ። እሷ አላየችም ያልከውን አይታለች። አንተ ደብቄ ይዤዋለሁ ያልከውን አልያዝከውም። ይህን ሁሉ ቀን አያትና እንጦጦ የምትመላለሰው ባዶ እንጨት ጭነህ ነው። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት።»

«እሺ። ቀጥል።»

ጋሮማ ወደ ማዕዶት ቀና አለ። «ልትሄጂ ከሆነ ፎቶው ምን ያደርግልሻል?»

«ይዣት ልሄድ ነዋ» አለች። «ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ምን አደረገችኝ?»

ከዚያ በኋላ ጋሮማ ብዙ ነገር ሊል ይችል ነበር፤ ያለው ግን «ጥፋቱ የኔ ነው» ብቻ ነው። ቃሉ ሲወጣ አነሰበት። ከዓመታት በፊት ሊባል ይገባው የነበረ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መሰለው። ማዕዶትም እንደ ፋርማሲስት ቀኑን ያየችበት ይመስል ዝም ብላ አየችው፤ አልጣለችውም፣ አልተቀበለችውም።

«የተጣላ ሰው አስታርቄ አውቃለሁ» አሉ አቶ ተክለብርሃን ከዘራቸውን እየያዙ። «እናንተ ግን ተደባብቃችሁ ነው ያገኘኋችሁ። የተደበቀ ሰው መጀመሪያ ካለበት መውጣት አለበት። ልጄ፣ ለጊዜው ከአክስትሽ ጋ ሂጂ። እኔ ተመልሼ እመጣለሁ። ያኔ መነጽሬን አድርጌ ነው የምገባው።»

ማዕዶት አንድ ሻንጣ ያዘች። ጋሮማ ላድርሳችሁ ቢል ወይዘሮ ወርቅአየሁ፣ «ተወው ልጄ፣ በታክሲ እንሄዳለን» አሉት። «ልጄ» ማለታቸው ከስድብ ይልቅ ከበደው።

በማግስቱ ለሬድዋን ደውሎ ፎቷችሁን ውሰዱ አለው። ሬድዋን መጥቶ ሙሽሮቹን በጋዜጣ እየጠቀለለ፣ ድጋሚ ቀረጻው በሌላ ቦታ እንደሚሆን ነገረው።

«መጨረሻውን ቀየርነው» አለ። «ሴትየዋ ትመለሳለች። ተመልካች ዕርቅ ይወዳል።»

«እንዴት ነው የሚታረቁት?»

«ዝናብ እናዘንብላቸዋለን። ከሩቅ ይተያዩና ይቃቀፋሉ።»

«ምንም ሳይነጋገሩ?»

«ፊልም እኮ ነው፣ ጋሽዬ።»

ጋሮማ ባዶውን ግድግዳ ይዞ ቀረ። ከሶፋው አናት ላይ ቀለሙ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ታየው። ቤቱን ቀለም ያስቀቡ ጊዜ ማዕዶት ይህን ቀለም መርጣ፣ እሱ ገና ሳያየው «የፈለግሽው ይሁን» ብሏት ነበር። ያኔ ደግነት መስሎት ነበር። አሁን ሲያስበው፣ ለካ ያን ጊዜም አላየም። እየቆየ ሌሎችም እንዲህ ያሉ «የፈለግሽው ይሁን»ዎች መጡበት፤ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ አሳለፋቸው።

የዚያኑ ሳምንት ሾላ ወረደ። መኪና ማቆሚያ ስላጣ ራቅ ብሎ አቁሞ፣ ፍሬሙን በብርድ ልብሱ እንደጠቀለለ ታቅፎ፣ በርበሬ ተሸካሚውንና የሚኒባስ ሰልፈኛውን ይቅርታ እያለ አለፈ። ፍሬም ሰሪው አገላብጦ አየው።

«ፎቶውስ?»

«ሌላ ቦታ ነው። መስታወት ብቻ አድርግበት።»

«ፎቶ ሳይኖር መስታወት? ሰው እንዲህ አሰርቶ አያውቅም።»

«እኔ ላሰራ።»

መስታወቱ ገብቶ ሲያልቅ፣ መልሶ በብርድ ልብሱ ጠቀለለውና ወደ ወይዘሮ ወርቅአየሁ ቤት ሄደ። ደጁ ሲደርስ ከማንኳኳቱ በፊት ቆም አለ። በመንገድ ሲያሰናዳው የመጣው ንግግር ነበረው፤ ግማሹ መለመኛ፣ ግማሹ ማስረጃ። ሁሉንም እዚያው ደጅ ላይ ተወውና የቆርቆሮውን በር መታ።

የከፈተችው ማዕዶት ናት። እጇ ሊጥ ነክቶታል።

«የሰርጋችንን ፎቶ ሰበርኩት» አላት። «እንጦጦ ስሄድ። መኪናው ኋላ ሲንኳኳ ሰምቼ ነበር፤ ቆሜ አላየሁም። ከዚያ ደበቅኩሽ።»

«አውቃለሁ።»

«አዎ፣ ታውቂያለሽ። እኔ ግን አልነገርኩሽም ነበር።»

ጥቅሉን አየችው።

«ፎቶውን አልሰጥህም» አለች።

«ልጠይቅሽ አልመጣሁም። ፍሬሙ ከፎቶው ጋር ይሁን ብዬ ነው። የትም ብትሰቅይው።»

ይህን ሲል ምን እየሰጠ እንደሆነ ገባው። ማዕዶት እጇን በሽርጧ ጠረገችና ተቀበለችው። ከውስጥ የወይዘሮ ወርቅአየሁ ድምፅ መጣ።

«ማነው እሱ?»

«ጋሮማ ነው» አለች ማዕዶት።

ለስልክ ጥሪ እንደሚመለስ ዓይነት መልስ ነበር፤ ሌላ ነገር የለበትም። ጋሮማ ግን ስሙን ከአፏ የሰማበትን የመጨረሻ ቀን ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልቻለም።

«ጠብቀኝ» ብላው ገባች። በሩን ገርበብ አድርጋው ስለነበር ከግቢው ውስጥ ኮቴዋን ይሰማል፤ ሄደች፣ ቆመች፣ የቁም ሳጥን በር የሚመስል ነገር ሲጥ አለ። ረጅም ጊዜ የቆየች መሰለው። ስትመለስ ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ይዛዋለች፤ አራት እጥፍ፣ ጫፉ ከጫፉ ተገናኝቶ፣ እሷ ሁልጊዜ እንደምታጥፈው።

«ውስጡ ስባሪ ነበረበት፣ አራግፌዋለሁ» አለች። «መልሰው። የቤት ነው።»

ተቀበላትና ወደ መኪናው ሄደ። ብርድ ልብሱን ኋላ አላስቀመጠውም፤ ከጎኑ ወንበር ላይ አኖረው። የኔ አላለችም፤ ያንተም አላለችም። የሌላ ሰው ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ይህን ቃል ይዞ አንድ ግምት ላይ ይደርስ ነበር። ዛሬ ግን ምንም ሳይገምት ሞተሩን አስነሳና ወደ አያት አቀና።